ስንጥቁ ቆሟል ወይስ እየሄደ ነው?

ጀበና ወይም ምጣድ ልትገዛ ገበያ የወጣች እናት ዕቃውን እንዳየች ገንዘብ አታወጣም። በአንድ እጇ ታነሣዋለች፤ በሌላው እጇ ጣቷን አጠፍ አድርጋ ኳ ኳ ታደርገዋለች፤ ከዚያ ጆሮዋን ትሰጣለች። ጥርት ብሎ የሚጮኽ ድምፅ ከሰማች በዋጋው ተከራክራ ትገዛለች። የታፈነ ድምፅ ከሰማች ግን ነጋዴዋ ብትምል ብትገዘትም መልሳ ታስቀምጠዋለች። ዐይን ያላየውን ስንጥቅ ጆሮ ለይቶታል።

ይህ ሥራ በምሕንድስናው ዓለም "ሳይሰብሩ መመርመር" ይባላል። አውሮፕላን፣ የባቡር ጎማ፣ ድልድይ፣ የጋዝ ቧንቧና ግድብ የሚመረመሩበት ጥበብ ሥሩ ይኸው ነው። እኔም በሕንፃ ምርመራ ሥራ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ ቤቱ የተሰነጠቀበት ሰው ይጠራኛል። በተለይ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ልጆቹን አቅፎ በሌሊት ደረጃ ከወረደ ወዲህ፣ ለዓመታት ማንም ልብ ያላለው የግድግዳ መስመር ሁሉ ማስደንገጥ ጀምሯል። ጥያቄው አንድ ነው፤ "ይህ ስንጥቅ ያሰጋል?"

መልሱን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ጉብኝት ማግኘት አይቻልም። የቤቱ ሰዎች ግን ባለሙያ ከመጥራታቸው በፊትም ሆነ በኋላ በእርሳስ፣ በማስመሪያና በትዕግሥት ብዙ ሊያውቁ ይችላሉ። ዛሬ ላካፍላችሁ የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

ሁለት ቤቶች

ሰው ስንጥቅ ሲያይ መጀመሪያ የሚገምተው ስፋቱን ነው። ሰፊ ከሆነ ይደነግጣል፤ ቀጭን ከሆነ ቀለም ይቀባበታል። ስፋት ብቻውን እንደማይፈርድ በሁለት ቤቶች ላስረዳ።

የመጀመሪያው በከተማዋ ምሥራቃዊ ዳር፣ ሜዳ ላይ የተሠራ የአንዲት አያት ቤት ነው። ከሳሎኑ መስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ወለሉ የሚወርድ ስንጥቅ ነበረው፤ የባንክ ካርድ ያለ ችግር ይገባበታል። ልጆቻቸው ቤቱ ተሸጦ እናታቸው በየተራ እነሱ ዘንድ እንዲኖሩ ሊወስኑ ነበር። እርሳቸው ግን እጄን ይዘው "ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። ሊወድቅ ከሆነ ዛሬውኑ እወጣለሁ። ካልሆነ ግን በስተርጅና ሻንጣ ይዤ ከቤት ቤት አልዞርም" አሉኝ። ምሰሶዎቹን፣ ጣሪያውንና መሠረቱን አይቼ ለጊዜው አደጋ እንደሌለ ካረጋገጥኩ በኋላ "እማማ፣ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ይለፍበት፤ ያኔ ቤቱ ራሱ ይነግረናል" አልኳቸው።

ቤቱ የቆመው ጥቁር አፈር ላይ ነው፤ በየአካባቢው መረሬ፣ ዋልካ ወይም ኮቲቻ የሚባለው። ይህ አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። በበጋ ማሳ ላይ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚከፍተው እርሱ ነው። በአዲስ አበባም ቦሌንና አቃቂን በመሳሰሉ ሜዳማ ቦታዎች ይገኛል። በላዩ የተሠራ ቀላል ቤት ከአፈሩ ጋር አብሮ ይነሣል፤ አብሮ ይወርዳል። መላው ቤት እኩል ቢነሣና ቢወርድ ጉዳቱ ትንሽ ነበር። አንዱ ጥግ ረጥቦ ሌላው ሲደርቅ ነው ግድግዳው የሚሰነጠቀው።

ስንጥቁን የመከታተሉን ሥራ ለስምንተኛ ክፍል ተማሪው የልጅ ልጃቸው ሰጠነው። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ሚስማር መታንና በየወሩ መጀመሪያ በመካከላቸው ያለውን ርቀት እየለካ በደብተር ጻፈ። በጋው እየገፋ ሲሄድ ስንጥቁ ሰፋ፤ ክረምቱ ሲገባ መልሶ ጠበበ፤ ዓመቱ ሲዞር ከተነሣበት ብዙም ሳይርቅ ተገኘ። ስለዚህ ቤቱ ወደ አንድ አቅጣጫ እየሄደ አልነበረም፤ ከወቅቱ ጋር እየተነፈሰ ነበር። ምክንያቱም ተገኘ። የጣሪያው ውኃ አሸንዳ ስለሌለው በአንድ ጥግ ይወርዳል፤ በዚያው ጥግ የሚያፈስ የውኃ ቧንቧ አለ። ያ ጥግ ዓመቱን ሙሉ ሲረጥብ ሌላው በበጋ ይደርቃል። አሸንዳ ተገጠመ፣ ቧንቧው ተጠገነ፣ በቤቱ ዙሪያ ውኃ የሚያርቅ ሲሚንቶ ተሠራ። እማማም ከቤታቸው አልወጡም።

ሁለተኛው ቤት ፎቅ ላይ ያለ ነው። የተጠራሁት ለመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ነበር፤ እርሱ ከልስን ያላለፈ ነገር ሆኖ ተገኘ። ልወጣ ስል በረንዳው ላይ በውኃ የተሞላ በርሜልና በአጠገቡ የሚጫወቱ ሁለት ሕፃናት አየሁ። የበረንዳው ወለል ከቤቱ ግድግዳ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ግድግዳውን ተከትሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ነበር። የወረቀት ጫፍ እንኳ አይገባበትም። ታች ጎረቤት ወርጄ ከሥር ሳየው ግን በአርማታው ላይ ቡናማ የዝገት እንባ ወርዷል።

እንዲህ ያለ በረንዳ አንድ ጎኑ ብቻ የተያዘ ሶሌታ ነው። ክንዳችሁን ወደ ፊት ዘርግታችሁ ባልዲ ብትይዙ የሚወጠረው የትከሻችሁ የላይኛው ክፍል ነው። በረንዳም እንደዚያው ነው። የሚወጠረው ከላይ ስለሆነ የሚሸከመው ፌሮም የሚቀመጠው በላይኛው በኩል ነው። ውኃ በዚያች ቀጭን መስመር ገብቶ ፌሮውን ካዛገው በረንዳውን የያዘው ነገር ቀስ በቀስ ያልቃል። ባለ 200 ሊትር በርሜል ሲሞላ ደግሞ ውኃው ብቻ 200 ኪሎ ይመዝናል። በርሜሉ በዚያው ሰዓት እንዲራገፍ፣ የበረንዳው በር እንዲቆለፍና ከሥር ማንም እንዳይቆም ጠየቅሁ። በኋላ አርማታው ሲፈለፈል አንዳንዱ ፌሮ እስከ ግማሽ ውፍረቱ ተበልቶ ተገኘ። በረንዳው ፈርሶ እንደገና ተሠራ።

ካርድ የሚያስገባው ስንጥቅ ያለበት ቤት ዛሬም ሰው ይኖርበታል፤ ወረቀት የማያስገባው ግን ሕይወት ሊቀጥፍ ነበር። ስለዚህ ከስፋቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ይቅደሙ። ስንጥቁ የት ነው? ቆሟል ወይስ እየሄደ ነው? ብቻውን ነው ወይስ ዝገት፣ እርጥበት ወይም መዝመም ተከትሎታል?

በቤት ውስጥ የሚደረግ ምርመራ

መጀመሪያ እርሳስ አንሡ። የስንጥቁ ሁለት ጫፎች የቆሙበትን ቦታ በአጭር መስመር ምልክት አድርጉና ቀኑን አጠገቡ ጻፉ። ከወር በኋላ ጫፉ ምልክቱን አልፎ ከተገኘ ስንጥቁ እየሄደ ነው። ይህን ያህል ቀላል ነው፤ ሆኖም ከመቶ ቤት በአንዱ ሲደረግ ያየሁ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ስፋቱን መለካት ነው። ተራ የደብተር ወረቀት ውፍረቱ ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የባንክ ካርድ 0.76 ሚሊ ሜትር ነው። ወረቀት የማይገባበት የፀጉር ስንጥቅ ነው፤ ካርድ ከገባበት ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ተጠግቷል። በእንግሊዝ አገር ለብሎኬትና ለጡብ ግድግዳ ሲሠራበት የቆየ መመዘኛ እስከ 1 ሚሊ ሜትር ያለውን በቀለም የሚሸፈን፣ እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያለውን በቀላል ጥገና የሚመለስ ይለዋል። ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ግድግዳውን በከፊል መክፈት ይጠይቃል፤ ከ15 በላይ ከባድ ጉዳት ነው። ልብ በሉ፤ ይህ ለግድግዳ ነው። ለኮለን፣ ለቢምና ለበረንዳ ሶሌታ ፈጽሞ አይሠራም።

ሦስተኛው የሚስማሩ ዘዴ ነው። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ሚስማር መትታችሁ ርቀታቸውን በየወሩ ለኩ። ከዚሁ ጋር መዳፍ የሚያህል ጄሶ ስንጥቁን አሻግራችሁ ለጥፉና ቀኑን ጻፉበት። አንዳንዱ በጄሶ ፋንታ ቀጭን የመስታወት ቁራጭ በማጣበቂያ ያሻግራል። ጄሶውም መስታወቱም አይለጠጡም፤ ግድግዳው ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ይሰበራሉ። ነገር ግን ሲሰበሩ የሚነግሩን ግድግዳው መንቀሳቀሱን ብቻ ነው። ምን ያህልና ወደየት እንደሆነ የሚነግሩን ሚስማሮቹ ናቸው። ልኬቱ ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ መያዝ አለበት። በሚያዝያ ብቻ ያየ ሰው ይደነግጣል፤ በነሐሴ ብቻ ያየ ደግሞ ዳነ ይላል።

አራተኛው ማንኳኳት ነው። በሳንቲም ወይም በጣት አንጓ ልስኑን ኳ ኳ እያደረጋችሁ እለፉ። ድምፁ ጠጣር ከሆነ ልስኑ ግድግዳውን ይዟል፤ እንደ ከበሮ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ከግድግዳው ተላቅቋል። ለኮርኒስና ለሶሌታ ሥር ልስን ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ከሕፃን አልጋ በላይ ያለ የተላቀቀ ልስን ቤቱ ባይወድቅም እርሱ ይወድቃል።

አምስተኛው ውኃ ነው። የተጠረጠረውን የአርማታ ወለል ወይም ግድግዳ ውኃ አርከፍክፉበትና እስኪደርቅ ተመልከቱ። ጠፍጣፋው ገጽ ቶሎ ይደርቃል፤ ስንጥቁ ግን ውኃ ስለያዘ እንደ ጥቁር ክር ሆኖ ለጥቂት ደቂቃ ይታያል። በደረቁ ያልታየ ሁሉ ያኔ ይታያል።

ስድስተኛው ቱንቢ ነው። ከጣሪያ ሥር ክር ላይ ክብደት አንጠልጥሉና ክሩ ከግድግዳው ከላይም ከታችም ያለውን ርቀት ለኩ። ርቀቱ ከወር ወር ከተለወጠ ግድግዳው እየዘመመ ነው። ትናንት በቀላሉ ይዘጋ የነበረ በር ዛሬ ከነከሰም ክፈፉ ተጣሟል ማለት ሊሆን ይችላል። በክረምት ግን እንጨት በእርጥበት ስለሚያብጥ በሩን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ።

በመጨረሻ ፎቶ አንሡ። ማስመሪያ አጠገቡ አድርጋችሁ፣ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ርቀት። ማስመሪያ የሌለበት ፎቶ ለባለሙያ ብዙም አይጠቅምም።

ቅርጹ ምን ይናገራል?

ልስን ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ቀጭን ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ልስኑ ቶሎ ደርቆ የተኮማተረበት ነው። ኮለንና ብሎኬት በሚገናኙበት ቀጥ ብሎ የሚወርደውም በብዛት ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች በየራሳቸው ስለሚኮማተሩ የሚመጣ ነው። ኮለንን ወይም ቢምን ከፌሮው ጎን ለጎን ተከትሎ የሚሄድ ስንጥቅ ግን ሌላ ነው፤ ውስጥ ያለው ብረት ዝጎ ሊሆን ይችላል። ዝገት ከብረቱ ብዙ እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ አርማታውን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። ከመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ በግድግዳ ላይ የተሳለ የሚመስል የመስቀለኛ ቅርጽ ግድግዳው ወዲያና ወዲህ መገፋቱን ያሳያል። እንዲህ ያለው ኮለን ላይ ከታየ ደግሞ በዚያ ቤት አይታደርም።

በደረጃ ቅርጽ የብሎኬቱን መጋጠሚያ ተከትሎ የሚወርደው ብዙውን ጊዜ የመሠረት መስመጥ ምልክት ነው። አብዛኛውን ጊዜም ከመስኮት ወይም ከበር ጥግ ይነሣል። ለምን ከጥግ? ግድግዳ የተሸከመው ኃይል ቀዳዳ ሲያጋጥመው ዞሮ ያልፋል፤ በሾለ ጥግ ላይ ይጨናነቃል። የተጨናነቀበት ቦታ ቀድሞ ይሰነጠቃል።

ይህን ነገር ዓለም በከባድ ዋጋ ተምሮታል። ኮሜት የተባለው የእንግሊዝ አውሮፕላን መንገደኛ በማመላለስ የመጀመሪያው ጄት ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1954 አንዱ በጣሊያን ኤልባ ደሴት አቅራቢያ፣ በሚያዝያ ደግሞ ሌላው በኔፕልስ አቅራቢያ አየር ላይ ተበታትነው የተሳፈሩት ሁሉ አለቁ። መርማሪዎች በፋርንቦሮ አንድ ሙሉ የአውሮፕላን አካል ውኃ ገንዳ ውስጥ አስገብተው፣ በውስጡ ደግሞ ውኃ እየሞሉና እየቀነሱ፣ በየበረራው የሚደርስበትን ግፊት ደጋግመው ፈተኑት። በአየር ላይ ካደረጋቸው በረራዎች ጋር ሲደመር ወደ 3,000 ገደማ ሲደርስ አካሉ ተቀደደ። ስንጥቁ የተነሣው ከተከፈተ ቀዳዳ ጥግ ነበር። ብረቱ ደካማ ሆኖ ሳይሆን፣ ትንሽ ኃይል ሺህ ጊዜ ሲደጋገምበት ደክሞ ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ጄቶች መስኮታቸው ጥጉ የዞረ ነው። የልጅ ልጃችሁ በአውሮፕላን መስኮት በኩል ደመና ሲያይ የሚያይበት ክብነት ለውበት ብቻ የመጣ አይደለም።

ከዚሁ ትምህርት አንድ የቤት ብልሃትም ይወጣል። የስንጥቅ ጫፍ እጅግ የሾለ ጥግ ስለሆነ በጫፉ ላይ ክብ ቀዳዳ ቢበሳ ኃይሉ ይበተናል፤ ስንጥቁም ሊቆም ይችላል። የብረት ሥራ ባለሙያዎች ጥገናው እስኪደርስ ይህን ያደርጋሉ። የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ሳፋ ካላችሁ በጋለ ሚስማር የስንጥቁን ጫፍ ብሱት፤ ከዚያ ከላይ ማሸጊያ አድርጉበት። በአንድ ሳምንት ይጠፋ የነበረ ሳፋ ወራት ሊያገለግል ይችላል።

ባለሙያው ምን ይዞ ይመጣል?

ዘዴዎቹ ዘመናዊ ቢሆኑም አሳባቸው ለእናቶቻችን እንግዳ አይደለም። በባቡር ጣቢያዎች ጎማውን በረጅም መዶሻ እየመቱ ድምፁን የሚያዳምጡ ሠራተኞች ነበሩ። የባቡር ጥገና ቤቶች ደግሞ የብረት አካላትን ዘይት ውስጥ ይነክሩ ነበር፤ ከዚያ ወልውለው በኖራ ዱቄት ያለብሷቸዋል። ስንጥቅ ካለ በውስጡ የቀረው ዘይት ወጥቶ ነጩን ዱቄት በመስመር ያበላሸዋል። ያረጀ ሲኒ ላይ ቡናው ገብቶ ስንጥቁን ቡናማ አድርጎ እንደሚያሳየን ማለት ነው። ዛሬም ይኸው ዘዴ በዘይት ፋንታ በደማቅ ቀይ ወይም በጨለማ በሚያበራ ቀለም ይሠራል፤ የአውሮፕላን ሞተር አካላት የሚመረመሩበት አንዱ መንገድ ነው። በብረት ላይ ሌላም አለ። ብረቱን ማግኔት አድርገው ቀጭን የብረት ብናኝ ይነሰንሱበታል፤ ብናኙ ስንጥቁ ላይ ተሰብስቦ መስመር ይሠራል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የድምፅ ሞገድ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ሰርጌይ ሶኮሎቭ የተባለ የሶቪየት ሳይንቲስት ለጆሮ በማይሰማ ድምፅ በብረት ውስጥ የተደበቀ ጉድለት ማግኘት እንደሚቻል ሐሳብ አቀረበ። ድምፁ በጠጣር ብረት ውስጥ ይጓዛል፤ ስንጥቅ ሲያገኝ ይመለሳል፤ የተመለሰበትን ጊዜ ለክቶ ስንጥቁ በምን ያህል ጥልቀት እንዳለ ማወቅ ይቻላል። በ1950ዎቹ ኢያን ዶናልድ የተባሉ የግላስጎው የማሕፀን ሐኪም የቦይለር ፋብሪካ ሄደው፣ ብረት የሚመረመርበትን ይህን መሣሪያ ከሕመምተኞች በቀዶ ጥገና በወጡ ዕጢዎች ላይ ሞከሩት። በ1958 እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው ውጤቱን በሕክምና መጽሔት አወጡ። ዛሬ አልትራሳውንድ እያልን ያልተወለደ ሕፃን የልብ ምት የምናይበት ምርመራ እንግዲህ ስንጥቅ ከሚፈለግበት መሣሪያ ጋር ዘመድ ነው።

በቤታችሁ አርማታ ላይም ይኸው ይሠራል። ባለሙያው በኮለኑ አንድ ጎን የድምፅ ሞገድ ልኮ በሌላው ይቀበላል። በደህና አርማታ ውስጥ ድምፅ በሴኮንድ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ስንጥቅ ወይም ባዶ ቦታ ካጋጠመው ዞሮ ስለሚሄድ ይዘገያል። አርማታው ላይ ነጥሮ የሚመለስ ትንሽ መዶሻም አለ፤ በመንጠሩ መጠን የገጹን ጥንካሬ ይገምታል። ፌሮው የት እንዳለና ምን ያህል ጥልቀት እንደተቀበረ የሚያሳይ መሣሪያም አለ። አንዳቸውም ብቻቸውን አይፈርዱም፤ ጥሩ ባለሙያ ሁለት ሦስቱን ያመሳክራል። "አይቼዋለሁ፣ ምንም አይልም" ብሎ በአምስት ደቂቃ የሚሄድም፣ "መፍረስ አለበት" ብሎ በአምስት ደቂቃ የሚፈርድም ሰው ከመጣ፣ "በምን ለክተው ነው?" ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። ያቺ የልጅ ደብተርም ያኔ ትጠቅማለች። ባለሙያ በአንድ ቀን የማያገኘውን የአንድ ዓመት ታሪክ ይዛለች።

ወጥ ቤትን አንርሳ

በቤት ውስጥ ከግድግዳው ይልቅ ቶሎ የሚጎዳ ስንጥቅ አለ፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ስንጥቅ። የሸክላው ገጽ ከሥሩ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይዟል። ሸክላው ሲሰነጠቅ ሊጥ ወይም ውኃ ወደ ሽቦው የሚወርድበት መንገድ ያገኛል፤ ያኔ ምጣዱ የምትጋግረውን እናት ሊይዛት ይችላል። በወር አንድ ጊዜ ሶኬቱ ተነቅሎ፣ ምጣዱ ፍጹም ቀዝቅዞ፣ በጥሩ ብርሃን ገጹን ተመልከቱ፤ በጣትም አንኳኩ። በስንጥቅ ላይ እንጀራ እየጋገሩ "ትንሽ ትቆይልኝ" ማለት አይገባም። ይህን ሸክላ በሊጥም በሲሚንቶም አትድፈኑት፤ ይቀየር። የተሰነጠቀ ሲኒና ብርጭቆም ለሕፃን አይሰጥ፤ ትኩስ ነገር ሲገባበት ድንገት ሊሰበር ይችላል፤ ቆሻሻም በስንጥቁ ይደበቃል። የፕላስቲክ ወንበር እግር ሲታጠፍ የሚነጣ መስመር ካሳየ የስንጥቅ መጀመሪያ ነው፤ አያት የሚቀመጡበት ከሆነ ዛሬውኑ ይነሣ።

ሳይውል ሳያድር ባለሙያ የሚጠራው መቼ ነው?

ስንጥቁ ኮለን፣ ቢም ወይም የበረንዳ ሶሌታ ላይ ከሆነ፤ ቡናማ የዝገት ውኃ ካለበት፤ በሳምንታት ውስጥ ከሰፋ፤ ግድግዳው ከቱንቢው እየራቀ ከሆነ፤ ብዙ በርና መስኮት በአንድ ጊዜ ከነከሱ፤ ወይም ከመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ አዲስ የመስቀለኛ ስንጥቅ ከታየ፣ ልኬት እየወሰዱ ወራት መጠበቅ አይደለም። ያን ክፍል ለቅቃችሁ ፈቃድ ያለው የሕንፃ መሐንዲስ ጥሩ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ኮለኑ የአንድ ሰው ንብረት አይደለም፤ የነዋሪዎች ማኅበሩ በጽሑፍ ይወቀው። ከሥር ያለው ጎረቤት ለሱቁ ቦታ ለማስፋት ግድግዳ ወይም ኮለን ሲነካ ዝም ማለትም ከላይ ለሚተኙት ልጆች አለማሰብ ነው።

ለቀሩት ስንጥቆች ሁሉ ግን ቤቱ ካርድ ያስፈልገዋል። የልጆቻችንን የክትባት ካርድ በጥንቃቄ እናስቀምጣለን፤ ቀኑ፣ ክብደቱ፣ ቀጣዩ ቀጠሮ ይጻፍበታል። ለቤታችንም አንድ ደብተር ይኑር። በመጀመሪያው ገጽ የቤቱ ንድፍ በእጅ ይሳል፤ እያንዳንዱ ስንጥቅ ቁጥር ይሰጠው፤ በየወሩ መጀመሪያ ልኬቱ ይጻፍ። ሥራውን ለልጆች ስጧቸው። ማስመሪያ ማንበብን፣ ቀን መጻፍንና መታገሥን ይማሩበታል፤ አያቶችም የትኛው ግድግዳ መቼ እንደተሠራ፣ ክረምት የት እንደሚያፈስ ይነግሯቸዋል። "ሳይቃጠል በቅጠል" ይባል የለ? በቤት ስንጥቅ ጊዜ ቅጠሉ እርሳስና ደብተር ነው። ከዚህ ወር መጀመሪያ ጀምሩ፤ የመጀመሪያው ቀን ልኬት ከሌለ የሁለተኛው ወር ልኬት ትርጉም የለውምና።